የጭቃ ቤትን በእስር ጭድ ማልበስ፦ ከአርሲ ደጋ የተገኘ ተሞክሮ

በበቆጂና በአካባቢዋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ቀን ሲሞቅ ይውልና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የያዘውን ሙቀት በጣሪያውም በግድግዳውም ይለቃል። ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ያድራል። እዚያው ደጃፍ ላይ ደግሞ ኮምባይነር አጭዶ ማሳ ላይ የተወው የስንዴ ጭድ አለ። ይህን ጭድ ጠቅጥቆ አስሮ ነባሩን ቤት ከውጭ ማልበስ ይቻላል፤ ሠርተን አይተነዋል፣ ያዋጣል። ሲበላሽ ያየሁት ግን ሁሌም በአንድ ምክንያት ነው፦ ጣሪያውና እግሩ ሳይስተካከል ጭዱ ይቀድማል፣ ከዚያ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ አንብቡት፤ ቅደም ተከተሉ ከጭዱ ይበልጣል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ሳንድ ሂልስ በሚባለው አሸዋማ አገር፣ እንጨት የቸገራቸው ሰፋሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረስ ጉልበት በሚሠራ ማሰሪያ የታሰረ ሣርና ጭድ እየደረደሩ ቤት ሠሩ። አርተር በምትባለው ትንሽ ከተማ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ፈረንሳይ፣ ሞንታርጂ ከተማ ውስጥም ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ የጭድ ቤት አለ። ደርቆ የገባና ደርቆ የኖረ ጭድ አይበሰብስም፤ ጥያቄው ሁሉ እንዴት ደርቆ ይኑር ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር “ከውስጥ ይሻላል ወይስ ከውጭ?” የሚለው ነው። ከውስጥ ማልበስ ይቀላል፣ ዝናብም አያሰጋውም። ነገር ግን የውጭ ልኩ 5 በ4 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 20 ሳ.ሜ. የሆነ ቤት ውስጡ 16.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በየጎኑ 40 ሳ.ሜ. ሲወሰድበት ከ11 ካሬ ሜትር በታች ይወርዳል። አልጋና ሳጥን ካስገባችሁ በኋላ መቆሚያ የለም። ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ጭቃ ሙቀት አያግድም፣ ሙቀት ይይዛል፤ ጭድ ደግሞ አይይዝም፣ ያግዳል። ጭዱ ከውጭ ሲሆን ጭቃው ቀን ከፀሐይና ከምድጃ የሰበሰበውን ሌሊት ወደ ክፍሉ ይመልሳል፣ ጭዱም ወደ ደጅ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ከውስጥ ካለበሳችሁት ጭቃው ብርድ ይዞ ውጭ ያድራል፣ የለፋችሁበት ግማሹ ከንቱ ነው። በስሌት ሲታይ 35 ሳ.ሜ. በደንብ የተጠቀጠቀ ጭድ ከ20 ሳ.ሜ. የጭቃ ግድግዳ ከ10 እጥፍ በላይ ሙቀት ይከለክላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነባሩ ቤት ሊለብስ የሚገባው መሆኑን እዩ። አብዛኛው የገጠር ቤት ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለ ስለሆነ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ ቋሚ እግር ዙሪያ 20 ሳ.ሜ. ያህል ቆፍሩና ቢላዋ ውጉ። ጫፉ ብቻ ከገባ ደህና ነው፤ 2 ሳ.ሜ. ሰተት ብሎ ከገባ ያ ቋሚ ይቀየራል፣ ወይም ከበሰበሰው በላይ ተቆርጦ በድንጋይ ላይ ይቆማል። ከቋሚዎቹ ሲሶ ያህሉ እንዲህ ከሆኑ ቤቱን ማልበስ ትርፍ የለውም፤ በጭድ ተከድኖ ውስጥ ውስጡን የሚበሰብስ ቤት ከምታተርፉ አዲስ መሥራት ይሻላል። ምስጥ በበዛበት ቆላና ወይና ደጋ፣ ወይም ክረምት ጎርፍ በሚያልፍበት ተዳፋት ሥር ያለን ቤትም በጭድ እንድታለብሱ አልመክርም። ደጋው፣ ደረቁና ስንዴ አብቃዩ አገር ነው ቦታው።

ወራቱን ከምርቱ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ የመሠረትና የጣሪያ ሥራ ይጀመራል፤ ጭዱ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሰበሰባል፤ ግድግዳው በጥር ቆሞ ምርጊቱ በየካቲት መድረቅ አለበት። ምክንያቱም አርሲ ላይ የበልግ ዝናብ አለ፣ መጋቢት ሲገባ ሰማዩ አይታመንም። ሥራው ከዘገየባችሁ ጭዱን አስራችሁ ጣሪያ ሥር ከምሩና የሚቀጥለውን በጋ ጠብቁ። ያልተመረገ ጭድ በበልግ ዝናብ ፊት ማቆም ቁማር ነው።

ከጣሪያው ጀምሩ። የተለመደው የቆርቆሮ ክፈፍ ከግድግዳው 40 ሳ.ሜ. ያህል ይወጣል። 35 ሳ.ሜ. ጭድና 4 ሳ.ሜ. ምርጊት ሲጨመርበት ክፈፉ ግድግዳው ጫፍ ላይ ያልቃል፤ ዝናቡ በቀጥታ ምርጊቱን ይገርፋል። ስለዚህ ከአዲሱ ግድግዳ ውጭ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. እንዲተርፍ ክፈፉን አርዝሙ። ለእያንዳንዱ ወራጅ 1.6 ሜትር ቁመት ያለው የባህር ዛፍ አጣና ከጎኑ አስጠግታችሁ፣ 1 ሜትሩ ከነባሩ ጋር ተደርቦ 60 ሳ.ሜ. እንዲወጣ በሁለት ቦታ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከዚያም በሚስማር ምቱት። አዲሱ ቆርቆሮ ከነባሩ ሥር 20 ሳ.ሜ. ይገባል። ሚስማሩ ጎማውን ይዞ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይመታም። ሁለት ነገሮችን ግን አስቀድማችሁ ለኩ። አንደኛው ከፍታ ነው፦ በ1 ሜትር 35 ሳ.ሜ. የሚያዘቀዝቅ ጣሪያ 60 ሳ.ሜ. ሲረዝም ጫፉ 21 ሳ.ሜ. ይወርዳል፣ አጭር ቤት ከሆነ በር ላይ ጭንቅላት ይመታል። ሁለተኛው ነፋስ ነው፦ ረጅም ክፈፍ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ወራጆቹ ከቋሚዎቹ ጋር በሽቦ መታሰር አለባቸው። አቅም ካለ አሸንዳ ግጠሙ። አሸንዳ ከሌለ ከክፈፉ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ የጠብታው መስመር ላይ 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጠጠር አልብሱ።

ቀጥሎ እግሩ። በቤቱ ዙሪያ፣ ከነባሩ ግድግዳ ተጠግቶ፣ 45 ሳ.ሜ. ስፋትና 50 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወረዳል። ዋልካ አፈር ከሆነ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ዋልካው ወጥቶ በጠጠርና በቀይ አፈር ይተካ። የቋሚዎቹን እግር እያጋለጣችሁ ስለሆነ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ አትቆፍሩ፤ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። ድንጋዩ ከመሬት በላይ 40 ሳ.ሜ. ይወጣል። የመሠረቱ ሸክም ብዙ አይደለም፤ ጭዱና ምርጊቱ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ220 እስከ 230 ኪሎ ቢመዝን ነው። ድንጋዩ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ሬንጅ የተቀባ ወረቀት ይነጠፋል፣ እርጥበት ከመሬት እንዳይወጣ። እዚያ ላይ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች፣ 10 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው፣ አንዱ በውስጥ አንዱ በውጭ ጠርዝ ይጋደማሉ፤ በመካከላቸው ደረቅ ጠጠር ይሞላል። ይህች ጠጠር ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን እንዳጋጣሚ በግድግዳው ውስጥ የገባ ውሃ ወርዶ የሚያርፍባት ቦታ እርሷ ናት። ከሌለች የታችኛው ረድፍ ጭድ ውሃ ውስጥ ይቆማል። አግዳሚዎቹ የተቃጠለ ዘይት ቢቀቡ ምስጥ ይርቃቸዋል። በዚሁ ደረጃ ላይ ቀዳዳው ከ1 ሳ.ሜ. ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት ከአግዳሚው ሥር ጀምሮ ወደ ላይ 30 ሳ.ሜ. እንዲታጠፍ አድርጋችሁ ምቱ። ለአይጥ ነው።

አሁን ወደ ጭዱ። በበሬ ተወቅቶ ከአውድማ የሚነሳው ጭድ ደቅቆ አጭር ስለሆነ ሲታሰር አይያያዝም። ለእስር የሚሆነው ኮምባይነር ያለፈበት፣ ቁመቱ ቢያንስ 25 ሳ.ሜ. የሆነ የስንዴ አገዳ ነው። ገብስም ይሆናል። የጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚሻልና ውድ ስለሆነ ለእስር አታባክኑት፤ ለምርጊቱ ግን አቻ የለውም። ከኮምባይነር በኋላ የቀረ ፍሬ ካለበት አራግፉት፣ አይጥ የሚመጣው ፍሬውን ፈልጎ ነው። ጭዱን በጠዋት ጤዛ አትሰብስቡ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ድርቀቱን ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክምሩ መሐል 1 ኪሎ ጭድ መዝናችሁ፣ በማይጨስ ለብ ባለ ምጣድ ላይ እያገላበጣችሁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት። ከ150 ግራም በላይ ከቀነሰ ጭዱ ገና እርጥብ ነው፣ ይሰጣ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲያራግፉት አቧራው የሚያስነጥስ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ጭድ ደርቆም ቢሆን አይገባም። አንዴ የሻገተ ጭድ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ፈጥኖ ይበሰብሳል።

ማሰሪያ ማሽን የሚያከራይ ካገኛችሁ ጥሩ፤ በማሽን የሚወጣው እስር 35 በ45 ሳ.ሜ. ሆኖ ቁመቱ ከ80 ሳ.ሜ. እስከ 1 ሜትር፣ ክብደቱ ከ12 እስከ 18 ኪሎ ይሆናል። ካልተገኘ በሳጥን እጅ በእጅ ይሠራል። የጣውላ ሳጥን፣ ውስጡ 35 በ45 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 1.4 ሜትር፣ አንዱ ጎኑ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ቆሞ የሚሞላ። ሁለት የፕላስቲክ ሲባጎ ከላይ በአንዱ ጎን ወርደው፣ በሳጥኑ ወለል አልፈው፣ በተቃራኒው ጎን እንዲወጡ ታደርጋላችሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሲባጎው በ35 ሳ.ሜ.ው ጎን ይሂድ። በማሽን የታሰረ እስር በጎኑ ሲቆም ሲባጎው ወደ ውጭ ስለሚሆን ፊቱን ማስተካከል አይቻልም፣ አንዴ ከተነካ ይፈታል። የእናንተ ግን ሲቆም ሲባጎው ከላይና ከታች ተደብቆ፣ ምርጊት የሚያርፍበት ፊት ነፃ ይሆናል፤ የተንጨባረረውን በማጭድ መከርከም ትችላላችሁ። የእጅ ሥራ ከማሽን የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው።

ጭዱ 15 ሳ.ሜ. በ15 ሳ.ሜ. እየተጨመረ፣ ማዕዘኖቹ በእጅ እየተሞሉ፣ 3 ሜትር ርዝመት ባለው የእንጨት ማንሻ ሰው ተንጠልጥሎ ይጠቀጥቀዋል። 80 ሳ.ሜ. ምልክቱ ላይ ሲደርስ፣ ማንሻው እንደተጫነ፣ ሲባጎው ይቋጠራል። ጥሩ እስር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። በሲባጎው አንሱት፤ መሐሉ ከጎበጠ ወይም ከሲባጎው ሥር ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ፍቱትና እንደገና እሰሩ። የላላ እስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይሟሽሻል፣ ከላዩ ክፍተት ይፈጠራል፣ ምርጊቱም ይሰነጠቃል። ለ5 በ4 ሜትር ቤት፣ አንድ በርና ሁለት ትንንሽ መስኮት ላለው፣ አምስት ረድፍ ሲደረደር 112 ያህል እስር ይበቃል፤ ለግማሽ እስር ለሚቆረጠውና ለብልሽት ጨምራችሁ 125 አዘጋጁ። ጭዱ በድምሩ 14 ኩንታል ገደማ ነው። ግዢ ከሆነ በምርቱ ሰሞን ግዙ፤ በበጋው መጨረሻ መኖ ሲያጥር ዋጋው ሌላ ነው።

አምስት ረድፍ 2.25 ሜትር ነው፤ ድንጋዩና አግዳሚው 50 ሳ.ሜ. ይጨምራሉ። ስለዚህ ከመሬት እስከ ወራጁ 2.9 ሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ቤታችሁ ካነሰ አራት ረድፍ አድርጉና የቀረውን በጭቃ በተለወሰ ጭድ ሙሉት።

ከመደርደሩ በፊት የበርና የመስኮት ሳጥኖች ከጣውላ ተሠርተው ከነባሩ መቃን ጋር ይታሰራሉ፤ ጥልቀታቸው የጭዱን ውፍረት የሚያህል። የጎን ጣውላቸው ወደ ውስጥ እየጠበበ፣ ወደ ውጭ እየሰፋ ቢሄድ ግድግዳው ቢወፍርም ብርሃን አይጠፋም። ውሃ የሚገባበት ቁጥር አንድ ቦታ የመስኮት ደፍ ነው፤ ከጣሪያ በላይ እርሱን እፈራለሁ። የደፉ ጣውላ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፣ በላዩ አንድ ወጥ ላሜራ ይልበስ፤ ላሜራው ከሁለቱም ጎን 5 ሳ.ሜ. ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከምርጊቱ ውጭ 4 ሳ.ሜ. ወጥቶ ወደ ታች ይታጠፍ። በሁለት ቁራጭ የተሠራ ላሜራ መገጣጠሚያው ላይ ያስገባል፣ ስታዩት ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ያለው ጭድ ግን ጠቁሯል።

የእስሩ ጀርባ፣ ወደ ነባሩ ግድግዳ የሚዞረው ፊት፣ ከመቀመጡ በፊት የእንጀራ ሊጥ ያህል በቀጠነ ጭቃ ይነከር። ነባሩ ግድግዳ ወጣ ገባ ስለሆነ የሚቀረው ክፍተት ሁሉ በጭቃ በተለወሰ ጭድ ይጠቅጠቅ። በብዙ ሥራ ላይ የሚዘለለው ይህ ነው፣ ከውጭ ስለማይታይ። ባዶ የቀረ ክፍተት ለአይጥ መንገድ ነው፤ እሳት ቢነሳም ነበልባሉን ወደ ጣሪያ ይስባል። መገጣጠሚያዎቹ በየረድፉ ይፈራረቁ፤ ማዕዘን ላይ አንዱ ረድፍ በአንዱ ጎን፣ ቀጣዩ በሌላው ጎን ያልፋል። ግማሽ እስር ሲያስፈልግ አስቀድማችሁ ሲባጎውን አትቁረጡ፤ ጫፏ የተበሳ 60 ሳ.ሜ. ብረት ይዛችሁ አዲስ ሲባጎ መሐሉን አሳልፋችሁ ሁለቱንም ግማሽ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ አሮጌው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በየሁለት ረድፉ እስሮቹ በሽቦ ከነባሩ ቋሚ ጋር ይታሰራሉ፤ ከውጭ በኩል ደግሞ በየሜትሩ ሽመል ቆሞ ሽቦው በእርሱ ላይ ይጠመጠማል። በአምስተኛው ረድፍና በጣሪያው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ሳምንት ያህል ጠብቁና ጭዱ ሲረጋ በተለወሰ ጭድ አጥብቃችሁ ድፈኑ።

በዚህ ሰሞን ሁለት ጠላት አለ። አንዱ እሳት ነው። የተመረገ ጭድ በቀላሉ አይነድም፤ በአሜሪካ በተደረገ ፈተና በጭቃ የተመረገ የጭድ ግድግዳ ለ1 ሰዓት እሳት ተቋቁሟል። መሬት ላይ የተበተነው ልቅ ጭድ ግን በአንዲት ክብሪት ያልቃል። ስለዚህ በየማታው ተጠርጎ ይውጣ፣ ሲጋራና የምድጃ ፍም ከግቢው ይራቅ፣ ሁለት በርሜል ውሃ ይቀመጥ። ሌላው ከብት ነው። ምርጊት እስኪነካው ድረስ ግድግዳው መኖ ነው፤ አጥር ካልሠራችሁ ጠዋት ስትነሱ ማዕዘኑን ላሚቱ በልታው ታገኛላችሁ።

ምርጊት ላይ ሰው ሁሉ “ሲሚንቶ ይጠነክራል” ይላችኋል። አትስሙ። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ግን ተመልሶ አይወጣም። ከቤት ውስጥ፣ ከሰው ትንፋሽና ከድስት የሚነሳው እንፋሎትም ቀስ እያለ በግድግዳው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሲሚንቶ፣ ዘይት ቀለም ወይም ፕላስቲክ መንገዱን ከዘጋበት ጭዱ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ጭቃ ያስተነፍሳል። ጭቃው ከቀይ አፈር ይሁን፣ ዋልካ ይሰነጠቃል። አፈሩን በሃይላንድ ጠርሙስ ፈትኑት፦ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃና ቁንጥር ጨው አድርጋችሁ አናውጡና አንድ ቀን አሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ የሚያጣብቀው ሸክላ ከላይ ይረጋል።

ለዋናው ምርጊት መነሻ የሚሆነው 1 እጅ የሚያጣብቅ አፈር፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የደቀቀ የጤፍ ጭድ ነው። አፈሩ ራሱ አሸዋማ ከሆነ አሸዋውን ቀንሱ። በእግር ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፤ ሲቦካ መሽተቱ ደግ ነው። ከመመረጉ በፊት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሞክሩት፤ ደርቆ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋና ጭድ ጨምሩ፣ በእጅ ሲታሽ ከተራገፈ አፈር ጨምሩ። የመጀመሪያው ሽፋን ቀጭኑ ጭቃ ነው፤ ጣት ወደ ጭዱ እየገባ ይታሻል እንጂ ላዩ ላይ አይቀባም። እርሱ ሳይደርቅ፣ ጠንከር ሲል፣ 2.5 ሳ.ሜ. ዋና ምርጊት ይከተላል። ፊቱ ይቧጨርና ይተዋል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ በደጋ ፀሐይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ግድግዳው ውሃ ተረጭቶበት 1 ሳ.ሜ. የማስተካከያ ሽፋን ይለበጣል። በእንጨትና በጭድ መገናኛ ላይ ጆንያ በቀጭን ጭቃ ነክራችሁ ለጥፉ፣ አለዚያ ስንጥቁ እዚያው መስመር ላይ ይወጣል። ለዚህ ቤት የውጭው ፊት ከ43 እስከ 44 ካሬ ሜትር ነው፤ ከመቡካቱ በፊት አፈርና አሸዋው ተደምሮ 2.5 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈጃል።

የላይኛው መጨረሻ እበትና ጭቃ ሊሆን ይችላል፣ ግን ዝናብ በሚመታው ጎን በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ ኖራ እመርጣለሁ። ኖራው ከሁለት ሳምንት በላይ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ እጅግ ቀጥኖ፣ እርጥብ በተደረገ ግድግዳ ላይ ከ4 እስከ 5 ጊዜ ይቀባል፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቀን። ወፍራም አንድ ቅብ ይላጣል። ኖራ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ንጹሕ ውሃ አጠገባችሁ ይሁን።

ግድግዳው አልቆ ጣሪያው ራቁቱን ከቀረ ሙቀቱ በላይ ይወጣል። ኮርኒሱን እስር አትጫኑበት። ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው አጣናዎች በየ60 ሳ.ሜ. በአጭሩ ጎን ተጋድመው፣ በላያቸው ሽመል ወይም ጣውላ ተነጥፎ፣ ቀጭን ጭቃ የነካውና የደረቀ ልቅ ጭድ 15 ሳ.ሜ. ይሞላል። ክብደቱ በጠቅላላ 4 ኩንታል ያህል ነው፣ አጣናዎቹ ይችሉታል። የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ በቧንቧ ውስጥ ይለፍ እንጂ በጭዱ ውስጥ ባዶውን አይለፍ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የተደፈነ ቤት አየር አያስገባም። ቀድሞ በክፍተቱ ይወጣ የነበረው የከሰል ጭስ አሁን ይታፈናል፤ የከሰል መርዝ አይሸትም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። የከሰል ምድጃ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ገብቶ አይደር። ምግብ የሚበስለው ውጭ በማድቤት ወይም የጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ይሁን። ማውጫው በኮርኒሱ ሲያልፍ ዙሪያውን ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ጭድ የሌለበት፣ በላሜራ የታጠረ ቦታ ይተውለት። በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ፣ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ብሎ፣ እጅ የሚያስገባ የአየር ቀዳዳ በወንፊት ተሸፍኖ ይኑር፤ ማንም አይድፈነው።

የመጀመሪያው ክረምት የፍተሻ ጊዜ ነው። ምርጊቱ ውስጥ ከመስኮቶቹ ደፍ ሥርና ከታችኛው ረድፍ፣ በተለይ ዝናብ በሚነዳበት ጎን፣ በእንጨት ውታፍ የሚዘጋ አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ ተዉ። በሐምሌና በነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ ውታፉን ነቅላችሁ ጣት አስገቡ፣ አሽትቱ። ደረቅ ጭድ የአውድማ ሽታ አለው። እርጥበት ካገኛችሁ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልጉ፣ ላሜራ ይሁን ክፈፍ ወይም ስንጥቅ፣ ያንን አስተካክሉ። ከዚያ ምርጊቱን ከእርጥቡ 20 ሳ.ሜ. አልፋችሁ ክፈቱ፣ የጠቆረውን በእጅ እያወጣችሁ ጣሉ፣ ቀዳዳውን ክፍት አድርጋችሁ ዝናብ እንዳይመታው በቆርቆሮ ከልላችሁ እስከ ጥቅምት ፀሐይ ተዉት። ሲደርቅ በቀጭን ጭቃ በተነካ ደረቅ ጭድ ጠቅጥቃችሁ መርጉ። ለዚህ እንዲሆን ከተረፉት እስሮች አምስት ያህል ጣሪያ ሥር አስቀምጡ፤ ኖራውን ደግሞ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ከክረምቱ በፊት በግንቦት፣ ድጋሚ ቀቡ።